የፍራሽ ሰፊው ቁም ሳጥን

ልጄ፣ በኩሬ፤

ይህን ብዕር የያዘችው የወንድምሽ ሚስት ናት። አስቀድሜ የማስጽፈው የእጅ ጽሕፈቷን አይተሽ እንዳትደናገሪ ነው። አዎ፣ ራሷ ናት፤ «አባባ ዳግም ጀመሩ» ብላ የደወለችልሽ። ከጎረቤት ሌላ ጸሐፊ ልፈልግልዎ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ያጣመመ ያቅና። ከአፌ የወጣውን ሁሉ፣ ስለ ራሷ የምናገረውን ጭምር፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ልትጽፍ ቃል ገብታለች። አሁን ፊቷን አጨማደደች። ምራቴ፣ መጨማደድሽንም ጻፊው።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል፣ ልጄ? ጤናሽስ? ያ ብርድ ሲገባ የሚጠዘጥዝሽ ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? ባልሽ፣ ያ ዝምተኛው፣ እንዴት ነው? አሁንም አንድ ቃል ለመናገር ምራቁን ሦስቴ ይውጣል? ትንሿስ? በስልክ ስትስቅ ብቻ የማውቃት የልጅ ልጄ፣ ጥርስ አወጣች? ቆመች? ወይስ እንዳንቺ በቂጧ እየተንፏቀቀች ዓለምን ልትዞር ነው? አንቺ እኮ መሄድን ንቀሽ ስትንፏቀቂ ቆይተሽ አንድ ቀን ተነስተሽ ሮጥሽ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደሮጥሽ ነሽ።

እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» ስል ደህና ነኝ ማለቴ ነው። እጄ አይንቀጠቀጥም፤ ትናንት ለምራቴ መርፌ ላይ ክር አስገባሁላት፣ ያውም ያለ መነጽር። ወንድምሽ ደህና ነው፤ ልጆቹም ጤና ናቸው፣ ቤቱን በጩኸት ሊያፈርሱት ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ለምን ትይ ይሆናል። በስልክ ላስረዳሽ አፌን ስከፍት «አባባ፣ ቃል ገብተህልኝ ነበር። ልጠይቅህ አልመጣም፤ ልጄን መጠጥ ቤት ውስጥ አላሳድርም» ብለሽ ዘጋሽው። መልሼ አልደወልኩም። ሰው ሲዘጋብኝ በር አላንኳኳም፤ ታውቂኛለሽ። ደብዳቤ ግን መሀል ላይ አይዘጋም። ብትቆጪ ብትጥይው እንኳ ተመልሰሽ ታነሺዋለሽ። ስለዚህ ቁጭ በይና ስሚኝ። አልጠጣሁም። የሆነው ከመጠጣት የባሰ ነገር ነው።

መጠጥ የሚያስተወኝን መድኃኒት የጀመርኩ ጊዜ ሐኪሟ፣ ከአንቺ የምታንስ ልጅ ናት፣ መጀመሪያ ክሊኒኩ ውስጥ አስተኝታ አበረደችኝ። የለመደ ሰው መጠጥን በድንገት ቢያቆም ሊሞት ይችላል አለችኝ፤ እኔ የሚገድለው መጠጡ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሰውነቴ ሲረጋ ደሜን መረመረች፣ ጉበቴን አየች፣ ልቤን አዳመጠች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ «አባቴ፣ መድኃኒቱ አንድ ዓይነት አይደለም» አለችኝ። አንዱ የመጠጥን ደስታ ይወስዳል፤ ጠጥተው እንኳ ውስጥዎ መብራት አይበራም። ሌላው ጭንቅላት መጠጥ ሲነፈግ የሚያነሳውን ሁከት ያስታግሳል። ሌላው ደግሞ ዘበኛ ነው፤ ካልነኩት አይነካዎትም፣ መጠጥ ከቀመሱ ግን ፊትዎ ይነዳል፣ ልብዎ ይጋልባል፣ ትንፋሽ ያጥርዎታል፣ ሲብስም ይገድላል። ለዕድሜዎ የመጀመሪያውን እመርጥልዎታለሁ አለች።

«ዱላ የያዘውን ስጪኝ» አልኳት። ደስታዬን በድብቅ ሰርቆ የሚወስድ ነገር ሆዴ ውስጥ አላስገባም። የሚመታኝ ካለ ፊት ለፊት ይምታኝ። ተከራከረችኝ፤ እኔ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ልብዎም ጉበትዎም ይችለዋል ብላ ሰጠችኝ፤ ሽቶ አይንኩ፣ ከተላጩ በኋላ የሚቀባውንም፣ የሳል ሽሮፕም ሳይጠይቁኝ እንዳይወስዱ ብላ አስጠነቀቀችኝ። «ሽቶ የምቀባ ሙሽራ መሰልኩሽ?» አልኳት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ በዚያው አለፍነው። ያ ሳቅ ኋላ ምን እንዳመጣ ትሰሚያለሽ።

ኪኒኑን በየጠዋቱ ሰው ፊት ነው የምውጠው፤ ደንቡ ነው። የምታየኝም ይህች ብዕር የያዘችው ናት። በብርጭቆ ውኃ ታሟሟውና እስከ ጭላጩ አፌ ላይ ታየዋለች። ከዚያ «አባባ፣ ምላስዎን ያንሱ» ትለኛለች። ገበያ እንደቀረበ ፈረስ አፌን እየከፈትኩ ጥርሴን አሳያታለሁ። አንድ ጠዋት «እድሜዬንም ቁጠሪልኝ» ብላት «እሱ ከጥርስዎ ያለፈ ነው» አለችኝ። ነገረኛ ናት፤ ግን አንድም ቀን አልረሳችም። እኔም አንድም ቀን አላጭበረበርኩም።

ድብዳብን ታስታውሺዋለሽ፤ ፍራሽ ሰፊውን፣ ትንሽ ሆነሽ ጥጥ ክምሩ ላይ እየወረወረ የሚያጫውትሽን። ካቻምና ጉበቱ አብጦ ሞተ። እኔና እሱ አንድ ጠረጴዛ ላይ አርጅተናል። ልማድ ነበረው፤ መርፌ ሲገፋ ጣቱ ላይ የሚያጠልቃትን የብረት ቆብ ሳያወልቅ ይመጣና፣ ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት እንጨቱን ሁለቴ ያንኳኳል። ጠቅ፣ ጠቅ። «አለህ?» ይለኛል። «አለሁ» እለዋለሁ። ያን ሳንባባል ጠጥተን አናውቅም። በመጨረሻ ልጠይቀው ስሄድ ፊቱ እንደ ጋለ ብረት ቀልቶ፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተተክሎ «አብረን ጀመርን፣ አብረን እንጨርሳለን» አለኝ። ሰው ሲሞት ብዙ ነገር ይላል ብዬ ተውኩት።

ዘንድሮ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን ሚስቱ የሱን ቁም ሳጥን ለኔ ለአናጢው በጋሪ አስጭና መጣች። በላስቲክ ሸፍናው ከኋላው በእግሯ ትከተለዋለች፤ አስከሬን የምትሸኝ ነው የምትመስለው። ጥቁር እንጨት ነው፣ ባለ ሁለት በር፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት፤ በግራው በር ውስጥ መስተዋት አለው። ወለሉ ላይ የጠርሙስ ቂጥ የተወው ክብ ክብ እድፍ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሯል። ሲከፈት የሚሸተው ጥጥ፣ የቆየ መጠጥና እሱ ራሱ ነው።

«ይሄ በር ራሱ ይከፈታል» አለችኝ። «ዘግቼው እተኛለሁ፤ ስነቃ ተከፍቶ መስተዋቱ አልጋዬን እያየ ነው።»

«ማጠፊያው ረግቦ ነው» አልኳት።

«ስለ ማጠፊያ መቼ ነገርኩህ? ሰውዬውን አውጣልኝ ነው የምልህ» አለች። ይህንኑ ብላ ዣንጥላዋን ዘርግታ ሄደች።

እኔ ደግሞ መናፍስት የምፈራ ሰው አይደለሁም። የሬሳ ሳጥን ሠርቼ ልኩን ለማየት ውስጡ የተጋደምኩ ሰው ነኝ። ማጠፊያውን አወጣሁ፣ አዲስ ብሎን አስሬ አጠበቅሁት፤ በሩ እስክትስቢው ድረስ አይነቃነቅም። የጀርባውን ጣውላ ቀየርኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ። ምንም አልሆንኩም፤ እያፏጨሁ ነበር የምሠራው።

ከዚያ ወደ ቀለሙ መጣሁ። የድሮው ቁም ሳጥን የሚቀባው ጎማላካ ነው፤ በስፒሪት የሚሟሟ ቡናማ ሙጫ። አሮጌውን በስፒሪት በራሰ ጨርቅ ታስለቅቂያለሽ፤ አዲሱን በጨርቅ ቋጠሮ ክብ ክብ እያደረግሽ ታጠጪዋለሽ። አቧራ ጠላቱ ነው፤ እርጥብ አየርም ያነጣዋል። ስለዚህ ጎማላካ የሚቀባ ሰው መስኮቱን ይዘጋል፣ በሩን ይዘጋል፣ ስንጥቁን በጨርቅ ይወትፋል። ከአባቴ የተማርኩት እንዲህ ነው። መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ የሠራሁት የቤት በርና ወንበር ብቻ ነበር፣ ያውም ውጭ ቆሜ፤ ጎማላካ ስይዝ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

በርጩማዬን ይዤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባሁ። ጨርቁን አርሼ ማሸት ስጀምር የድብዳብ ሽታ ከእንጨቱ ውስጥ ተነስቶ ፊቴ ላይ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ጆሮዬ ጋለ። ሙቀቱ ወደ ጉንጬ፣ ወደ አንገቴ ወረደ። አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ማጅራቴን በሁለት እጁ የያዘኝ መሰለኝ። ቀና ብዬ መስተዋቱን አየሁ። ፊቱ የኔ አልነበረም። እንደ ጋለ ብረት የቀላ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ የመጨረሻው ጊዜ የድብዳብ ፊት ነበር። ያን ጊዜ ከጣውላው ውስጥ ሰማሁት። ጠቅ፣ ጠቅ።

እየዳህኩ ወጣሁ። በሩን ከፍቼ ደጃፉ ላይ ዝናቡን እያየሁ ተቀመጥኩ፤ ቀስ እያለ ለቀቀኝ። እርጅና ነው አልኩ። በማግስቱ ገባሁ፤ ያው ሆነ። ስገባ ይይዘኛል፣ ስወጣ ይለቀኛል። ጠረጴዛዬ ጋ እንጨት ስልግ ምንም፣ መንገድ ስሄድ ምንም፣ እዚያ ውስጥ ብቻ። ልጄ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? የተማርሽ ነሽና አንድ ነገር ትይ ይሆናል። እኔ ያልኩት አንድ ብቻ ነው፤ ሰውዬው አብሮኝ ሊጨርስ መጥቷል። እኔ ዘበኛ ቀጥሬ አመለጥኩ፤ እሱ ዘበኛ አልነበረውም።

ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ? ጠጪ ሲያቆም የማይታይ ነገር ያያል ይላሉ፤ ያንን ልሰጣቸው? ዝም ብዬ ሠራሁ። ትንሽ አሽቼ እወጣለሁ፣ ተንፍሼ እገባለሁ። አንድ ቀን ግን ሲያንኳኳ ብቻ አላበቃም። «አለህ?» አለኝ። ድምፁን ከጆሮዬ በላይ አውቀዋለሁ። ከልማድ ይሁን ከድንጋጤ እንጃ፣ አፌ ብቻውን መለሰ። «አለሁ! አለሁ!» እያልኩ እየጮህኩ ሳለ የቁም ሳጥኑን በር የከፈተችው ይህች ምራቴ ናት። ለምሳ ልትጠራኝ መጥታ ነው።

ያየችውን እሷው ትጻፍ። ፊቴ ቀልቷል፣ ላብ አጥምቆኛል፣ ምላሴ ተሳስሯል፣ ከቁም ሳጥን ጋር እያወራሁ ነው፣ ሸሚዜ ይሸታል፣ እግሬ ሥር የመጠጥ ጠርሙስ ቆሟል። ስፒሪት ነዋ የያዘው! ሥራ ቤት ውስጥ ሚስማር በወተት ቆርቆሮ፣ ስፒሪት በመጠጥ ጠርሙስ ነው የሚቀመጠው፤ ምልክቱን ማን ይልጣል? አነሳችው፣ ቡሹን ነቅላ አሸተተችው፣ አየችኝ። «አባባ» ብቻ አለች። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝና «አልጠጣሁም፣ ከሟች ጋር ነው የተነጋገርኩት» አልኳት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እኔን ያለ ብቅል አስለፈለፈኝ።

ወንድምሽ ማምሻውን መጣ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «አባባ፣ አልጠጣሁም ብለህ ማልልኝ» አለኝ። «አልምልም» አልኩት። «ልጅ ሆነህ ሆዴን አመመኝ ስትለኝ አስምዬህ አውቃለሁ?» ምራቴ በሩ ጋ ቆማ «ላም ባልዋለበት ኩበት የለቀምን አይመስለኝም፣ አባባ» አለች። ሥራ ቤቱን ቆለፉት፤ ቁልፉን እሷ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ከዚያ ለአንቺ ተደወለ። የቀረውን ታውቂያለሽ።

አንቺ አልመጣም ማለትሽ ሌላውን ሁሉ አስናቀኝ። ጠጪ መባል አዲሴ አይደለም፤ ጠጪ ነበርኩ፣ ሲሉኝም አንገቴን አልደፋሁም። ያልጠጣሁትን ጠጣህ ተብዬ፣ በዚያ ሰበብ ያቺ ልጅ ፊቴን ሳታውቀው ልትቀር ነው ስባል ግን አልቻልኩም። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የሚያምነኝ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ነው። እንግዲያው ከሱ ጋር ልጨርስ አልኩ።

የሥራ ቤቱ በር ተቆልፏል። ግን በሩን ማን ሠራው? ቁልፉን ሳልነካ ከማጠፊያው አውጥቼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩትና ገባሁ። መስኮቱን ዘጋሁ፤ የገባሁበትንም በአሮጌ ብርድ ልብስ ጋረድኩት፣ ሥራ ሥራ ነው። የተደበቀ ሌላ ስፒሪት ነበረኝ፤ ሳልሳሳ ጨርቁን ነከርኩት። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብቼ በሩን በራሴ ላይ ሳብኩት። ጨለማ። «በል እንግዲህ፣ ና» አልኩት።

መጣ። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ መጋለብ፣ ማጅራቴን ይዞ መጣ። ደረቴ ውስጥ ይሁን ጣውላው ውስጥ መለየት አቃተኝ፤ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ፣ ማቋረጥ የለም። ትንፋሼ አልወርድ አለ። «አለህ?» አለኝ በጆሮዬ፣ ከዚህ እስከ ብዕሩ በማይሞላ ርቀት። ያን ጊዜ የልጅሽ ሳቅ ትዝ አለኝ፣ ያ በስልክ የሰማሁት። «የለሁም!» አልኩት። «ሂድ፣ የለሁም!» በዕድሜዬ እንዲህ ስመልስለት የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ በሩ ተከፈተና በፊቴ ወደቅሁ። እኔ አልገፋሁትም፤ እጄን ማንሳት አልችልም ነበር። ማጠፊያውን ደግሞ ራሴ ነበርኩ ያጠበቅሁት።

ምራቴ አገኘችኝ። በብብቴ ገብታ ዝናብ ውስጥ ጎትታ አወጣችኝ፤ ይህች ቀጭን ሴት፣ የኔን አጥንት ተሸክማ። ሰው ጠርታ ክሊኒክ አደረሰችኝ። ስንሄድ አንድ ነገር አልረሳችም፤ አጠገቤ የቆመውን ጠርሙስ። ለሐኪሟ ልታሳይ፣ እጅ ከፍንጅ ልታስይዘኝ። ምራቴ ብዕሩን አቆመች። ቀጥይ እንጂ፣ መልካሙ አሁን ነው የሚመጣው።

ሐኪሟ ኦክስጅን አድርጋልኝ፣ ደም ሥሬ ላይ መድኃኒት ተክላ፣ ልቤ እስኪረጋ አጠገቤ ቆመች። ከዚያ ጠርሙሱን ተቀብላ አሸተተች። «ይሄ መጠጥ አይደለም» አለች። «በዚህ መድኃኒት ላይ ይህን ቢጎነጩ ኖሮ አሁን የምናወራው ስለ ቀብራቸው ነበር። ምን ይሠሩበታል?» ነገርኳት፤ ጨርቁን፣ የተዘጋውን መስኮት፣ ቁም ሳጥኑን፣ በርጩማውን። ሰምታ እስክትጨርስ ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። «አልጠጡትም» አለች፤ «ተነፈሱት። ስፒሪትም እንደ መጠጡ አልኮል ነው፤ በቆዳዎም ገባ። ዘበኛው በየት በር እንደገባ አይጠይቅም፤ ይመታል።» ፊቴን ያቀላው እሱ ነው፤ የሚያንኳኳው የራሴ ልብ ነው። ድምፁስ ስላት፣ ትንፋሽ ያጠረው ጭንቅላት የናፈቀውን ይሰማል አለችኝ። አክላም «አናጢ ነኝ ሲሉኝ መጋዝና ሚስማር ብቻ አሰብኩ፤ መጠየቅ ነበረብኝ» አለች። «እኔም እንጨት የሚጠጣው ለኔ ይቆጠራል አላልኩም» አልኳት። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይሄ ነው።

ምራቴ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላስጠየቅኋትም። ጠርሙሱን ልታሳጣኝ ባትወስደው ኖሮ ማን ያውቅልኝ ነበር?

አሁን መድኃኒቱ ተቀይሯል፤ ያ መጀመሪያ እምቢ ያልኩት፣ መብራቱን የሚያጠፋው ነው። የቀድሞው ከሰውነቴ እስኪወጣ ድረስ ስፒሪት እንዳልነካ ተከልክዬ ቆየሁ። አዲሱ አይመታም፣ አያስፈራራም። ግን እንግዳ ነገር ነው፣ ልጄ። በዚያ በመጠጥ ቤቱ ጥግ ሳልፍ ድሮ እግሬ ሳያማክረኝ ይታጠፍ ነበር። አሁን መብራቱን አያለሁ፣ ሳቁን እሰማለሁ፤ ሰዎቹ ለቀው የሄዱበት ቤት ይመስለኛል። ወንበሬ እዚያው አለ፤ የሚቀመጥበት ሰው ግን የለም። ይህ ደስ ይበለኝ አይበለኝ ገና አልወሰንኩም።

ቁም ሳጥኑን ጨረስኩት። ሐኪሟ አየር ይግባልዎ ስላለችኝ መስኮቱን ገርበብ አድርጌ፣ አቧራውን እየተሳደብኩ ቀባሁት። ሙቀት የለም፣ መጋለብ የለም። ሲያልቅ ውስጡ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ጣውላውን በጣቴ ሁለቴ መታሁና «አለህ?» አልኩ። ምንም። በሩን ስከፍት መስተዋቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቆሟል፤ እሱም እኔው ነኝ። ከማንኳኳቱ ይልቅ ያ ዝምታ አስፈራኝ።

የድብዳብ ሚስት ልትወስደው መጣች። ዞራ አየችው፤ እንደ ውኃ ያበራል። «ወጣልሽ» አልኳት። ማንኳኳቱን ለሷ አልነገርኳትም፤ ለሷ ብቻ አይደለም፣ ያን ጊዜ ከሐኪሟና ከዚህች ጸሐፊዬ በቀር ሕያው ፍጥረት አያውቀውም ነበር። ግን በሩን ከመክፈቷ በፊት ጣቷን አጥፋ ጣውላውን መታች። ጠቅ፣ ጠቅ። ጆሮዋን አስጠግታ ጠበቀች።

«ምን እያረግሽ ነው?» አልኳት፤ ጸጉሬ ቆሟል።

«ከሞተ ወዲህ እሱ ነበር የሚያንኳኳው» አለች። «አሁን ተራው የኔ ነው።»

የልቤን ነገር አልነገርኳትም። ሐኪሟ ያለችው እውነት ነው፣ አምናታለሁ፤ ፊቴን ያቀላው ስፒሪት ነው። የሴትዮዋን ልብ ያንኳኳው ምንድን ነው ግን? ለዚያ ኪኒን ያለ አይመስለኝም። ያንን በር የከፈተልኝ ማን እንደሆነም ሐኪሟን አልጠየቅኋትም። ድብዳብ ከሆነ፣ ሊይዘኝ ሳይሆን ሊያወጣኝ ነበር የመጣው።

እንግዲህ ይኸው ነው። ለወንድምሽ አልማልኩም፤ ለአንቺም አልምልም። ማስረጃ ብትፈልጊ ሐኪሟን ደውለሽ ጠይቂ፤ ፈቅጃለሁ ብያታለሁ። ግን ባትጠይቂ ደስ ይለኛል። አስቢው፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህች ልጅ «አባባ ሰክረው ነው የሚያጽፉኝ» ብላ ጽፋ ቢሆን በምን ምልክት አውቃለሁ? ወረቀቱ ለኔ የጉንዳን መንገድ ነው። ስጠጣ አይታ ሳይሆን መስሏት ፈረደችብኝ፤ እኔ ደግሞ የምትጽፈውን ሳላይ እጇን አምኜ ቃሌን ሰጠኋት። ለሷ የቻልኩትን አንቺ ለኔ ቻይው። ልጅሽን ይዘሽ ነይ። ትንሽ ወንበር ሠርቼላታለሁ፤ ጎማላካ አልነካውም፣ ምንም አልቀባሁትም። የልጅ እጅ ይቀባዋል። ደጁ ላይ ስትደርሺ አታንኳኪ፤ በስሜ ጥሪኝ። «አለሁ» የምልሽ እኔ ነኝ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ አንድ ቃል እንኳ ከተናገረ ጻፊልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ጺሜ እንደሚወጋ ከወዲሁ ንገሪያት። ወንድምሽ ሰላም ይልሻል፤ ያን ቀን ስላስደወለብኝ ይጸጸታል፣ አትቆጪው። ትልቁ ልጁ ፎቶሽን ላኪ ይላል፤ ታናሿ ደግሞ የምትለውን አላውቅም፣ ግን ጮክ ብላ ነው የምትለው። የድብዳብ ሚስትም ሰላም ብላሻለች። ይህች የምትጽፈው የራሷን ሰላምታ በራሷ ቃል ትጨምር፤ እዚያ ላይ አልገባም።

እህቴ፣ እኔም ሰላም ብያለሁ። አልጠጡም። ጻፊ ሳይሉኝ የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው።

ከሥራ ቤቱ፣ መስኮቱ ከተከፈተበት ጠረጴዛ ላይ፤ ዝናቡ ባባራበት ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ።

ምራቴ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ብዕሩን ያቆምሽበት ቦታ ስትደርሺ እዚያም ቁሚ። የጨመርሽውንም አንብቢው፤ እጅሽ ሲሄድ አይቻለሁ።